ሃያ ስድስት ብየዳ

በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድረው፣ ጠዋት ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ የምትቀዳው ሴት ልጁ ለአባቷ የጻፈችለት ደብዳቤ «ለሚመለከተው ክፍል» ይል ነበር። ቁጥርና ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ግልባጩም ለሦስት ቢሮ ተበትኗል። የሚመለከተው ክፍል ማለት በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ወርክሾፕ ነው፤ ወርክሾፕ ማለት ደግሞ እሱ፣ አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ አንድ የብየዳ ማሽንና የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ ናቸው። ደብዳቤው በኮምፒውተር ቢተየብም አብሮ ከተያያዘው የሞዴል ሥዕል ጎን ያሉት ልኮች በእጅ የተጻፉ ነበሩና፣ ሰባትን ወገቡ ላይ በአጭር መስመር የምትሰነጥቀው ማን እንደሆነች ለማወቅ ማኅተሙን ማየት አላስፈለገውም። አንደኛ ክፍል ሳለች እንዲህ ጻፊ ያላት እሱ ነው፤ ሰባት ከአንድ ጋር ከተምታታ ብሎን ይጠባል፣ ብሎን ከጠበበ ሰው ይሞታል ብሎ።

ሥራ ቦታ ስሙን የሚያውቅ የለም። «ሚሊሜትር» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ አልዘጋ ያለ የቢሮ በር እንዲያስተካክል ታዞ፣ ለክቶ ለክቶ ሲያበቃ «በሩ ልክ ነው፤ አራት ሚሊሜትር የተንጋደደው ሕንፃው ነው» የሚል ሪፖርት ስላስገባ የወጣለት ስም ነው። ስለዚህ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ ስም ከነአባቷ ስም በየማስታወቂያ ሰሌዳው ተለጥፎ ሲከርም ከምድር ቤቱ ሰውዬ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። እሷም አላገናኘችም፣ እሱም። ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት ተኩል አልፏቸዋል። ስንት ሰው ደጅ ጠንቶ በቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ያገኘላትን ሥራ፣ ለመመረቂያዋ የአሥራ ሦስት ቦሮን አቶሞች ዘለላ ታጠና ነበርና፣ «ቦሮኔን ልጨርስ» ብላ ገፋችው፤ እሱም በራት ሰዓት፣ እሷ እየሰማች፣ ለእናትየዋ «ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ ሦስት ፍሬ ቆጥራ መጨረስ አቃታት» አላት። ከዚያ ወዲህ ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእናትየዋ በኩል ነው።

የዚያን ቀን ጠዋትም ነገሩ እንደዚያው ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ዳቦ። እናትየዋ ልጅቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ገምጋሚዎች ፊት እንደምትቆም ለባሏ ነገረችው፣ እሱ እንደማያውቅ ሁሉ፤ አባትየው «ይቅናት» ማለቱን ደግሞ ለልጇ ነገረቻት፣ አጠገቡ ተቀምጣ እንዳልሰማች ሁሉ። አባት ሊያስረክበው፣ ልጅ ልትረከበው የተቀጣጠሩበት ዕቃ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። እንቁላላቸውን ጎን ለጎን ላጡ፣ በሉ። እሷ ቀድማ ወጣች። እሱ አብሯት እንዳይሳፈር ጫማውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረ።

ሦስት ሰዓት ላይ ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ «እንደምን አደሩ» አለችው። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ አጠገቡ ስለነበረች እሱም «ደህና፣ ይግቡ» አላት። ከብየዳው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ ሲመጣ «ወረፋ ያዝ» እያለ የደከመበት ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ማዞሪያ ኩሽኔታ ውስጥ አሥራ ሦስት የብረት ኳሶች አውጥቶ፣ በሥዕሉ መሠረት አሥሩን በክብ ደርድሮ፣ ሦስቱን መሃል ላይ አድርጎ፣ ሥዕሉ ላይ በታዩት ሃያ ስድስት ቀጫጭን ዘንጎች አንዱን ከአንዱ በይዶታል። የበየደውን ደግሞ ሞርዶታል፣ የሞረደውን በአሸዋ ወረቀት አሽቷል፤ ብየዳው የት ላይ እንደሆነ ጥፍር ቢሄድበት አያገኘውም። ከሦስተኛ ፎቅ ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው።

ጨርቁን ስትገልጠው ፊቷ ሲበራ አይቷል። ይህን ለማየት ነው ሁለት ሳምንት የሠራው፣ ቢጠየቅ ግን አያምንም። ከዚያ ጠቋሚ ጣቷን መሃል ላይ ካሉት ሦስት ኳሶች በአንዱ ላይ አሳርፋ፣ የሕፃን ዥዋዥዌ እንደሚገፋ ሰው፣ በቀስታ ገፋችው። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ገፋችው። ጣቷን አንስታ አየችው።

«ጥሩ ነው» አለች፣ መረከቢያው ደብተር ላይ ልትፈርም አጎንብሳ።

ሠላሳ ዓመት ለሰው ዕቃ የሠራ ሰው «ጥሩ ነው» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለ ሬሳ ሳጥንም ጥሩ ነው ይባላል። ምን እንደጎደለው ጠየቃት።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና፣ አንቱታውም አብሮ ከእጇ የወደቀ ይመስል፣ «በዛበት እንጂ። አባዬ፣ መሃሉ መዞር ነበረበት።»

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ «አባዬ?» አለች።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ አልፈጀባቸውም፤ የሁለቱም ነበር። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ዘንጎች የሳላቸው ኮምፒውተሩ ነው። ሁለት ኳስ ተቀራርቦ ካየ መሃላቸው ዘንግ ይዘረጋል፤ ይያያዙ አይያያዙ ግድ የለውም፣ ሁለት ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ባየ ቁጥር ተጋቡ ብሎ እንደሚያወራ ጎረቤት። እሷ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብላ ደብዳቤው ላይ አልጻፈችም። እሱ ደግሞ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ነውና መስመር ካየ ትእዛዝ ነው። የሚገርመው፣ አለችው፣ ይህንኑ የተሳሳትከው አንተ ብቻ አይደለህም። ዋናው ገምጋሚ ባለፈው ወር በረቂቋ ጠርዝ ላይ በቀይ «መሃሉ እንዲዞር አሥራ ሦስት ትስስር መበጠስ አለበት፤ የማይሆን ነው፤ ምዕራፉ ይውጣ» ብለው ጽፈውበታል። ያ ምዕራፍ ከወጣ ከጽሑፉ የሚቀረው መግቢያውና የምስጋናው ገጽ ነው። የተሰጣት ጊዜ ዘንድሮ ያልቃል፤ ሌላ ዓመት አይጨመርላትም። የሦስት ዓመት ልፋቷ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወይ ይቆማል ወይ ይቀበራል።

ይህን ሁሉ ስትነግረው ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። እሱ የብየዳ ሥራውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በዓመት ተኩል ውስጥ ስለ ትምህርቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ዘንጉ ከሌለ ታዲያ ምንድን ነው የያዘው?»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከቶርኖው ሥር ጠመኔ አንስታ የብየዳው ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ጀመረች። እያንዳንዱ የቦሮን አቶም ለመተሳሰሪያ የሚሆን ሦስት ኤሌክትሮን ይዞ ይመጣል። አሥራ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ይህኛው ዘለላ አንድ ተወስዶበታል፣ ሠላሳ ስምንት ቀረው። ተራ ትስስር አንድ ጥንድ ይፈጃል፤ እንግዲህ ያለው አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ነው። ዘንጎቹስ ስንት ናቸው ብላ ስትጠይቀው ሳይቆጥር «ሃያ ስድስት» አላት፤ አንድ በአንድ በይዷቸዋል። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ለሃያ ስድስት መገጣጠሚያ የአሥራ ዘጠኝ ዕቃ ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ዕቃ ግምጃ ቤት ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነውና እጥረት አፍ መፍቻው ነው። እሱ ቢሆን ሰባቱን ሳይበይድ ይተዋቸውና ነገርየው በሳምንቱ ይበተናል። ቦሮን ግን እንዲህ አያደርግም፣ አለችው። አሥሩን ጥንድ ለውጪው ቀለበት ይሰጣል፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል አንድ አንድ፤ እዚያ ላይ ያለው እውነተኛ ትስስር ነው፣ ብየዳህ ልክ ነው። አንዱን ጥንድ መሃል ያሉት ሦስቱ በጋራ ይይዙታል። የቀሩት ስምንት ጥንዶች ግን ለሁለት ለሁለት አይታደሉም። አንዱን ጥንድ አራት አቶም ይካፈለዋል፣ ሌላውን ሁሉም ይካፈለዋል፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጉም ተዘርግተዋል። መሃሉ ከውጪው ጋር በጽኑ ተያይዟል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ግን ጣት የሚቀሰርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሲዞር የሚበጠስ የለም። ከአንዱ ሲርቅ ያኛው ተቀብሎታል።

እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት እምነት አንድ ነው፦ የጠበቀ አይንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀስ አልጠበቀም። ኩሽኔታ እንኳ የሚዞረው በመሃሉ ክፍተት ስላለ ነው፤ ቅባት ይፈልጋል፣ ቀን ቆጥሮ ደግሞ ተበልቶ ያልቃል። «ቅባቱስ?» አላት። የለውም አለችው። አይበላም? የሚበላ ነገር የለውማ። ክፍተትስ? እሱም የለውም። የራሱን ኳሶች እንደ አዲስ አያቸው፤ ከጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ያወጣቸው ዝገት የቀመሱ ኳሶች ያፈሩበት መሰለው።

«እንዲህ ያለውን ነገር ማን ሠራው?» አለ፣ ከሷ መልስ ሳይጠብቅ።

«ድህነት» አለችው። «የኤሌክትሮን ድህነት። ቢተርፈውማ እንደ ሌላው በየቤቱ ዘግቶ ይቀመጥ ነበር።»

ሊስቅ ነበር፣ ጊዜው ትዝ አለው። ከአራት ሰዓት ተኩል የማይበልጥ ነው የቀራቸው። የሁለት ሳምንት ሥራውን አንስቶ ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ አጠበቀና ሴጌቶውን አነሣ። የመጀመሪያውን ዘንግ ሲቆርጥ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ለመደው። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ ሰው በገዛ ሥራው ላይ እንዲህ የሚጨክነው ምን ቢያደርገው ነው ብላ ልጅቱን ጠየቀቻት፤ ልጅቱ ሥራው ስለበዛበት ነው አለቻት። አሥራ ሦስተኛው ሲቆረጥ ሦስቱ ኳሶች ተያይዘው መዳፉ ላይ ወደቁ። የውጪው ቀለበት ሞርሳው ውስጥ ባዶውን ቀረ። እንግዲህ መቁረጡስ ቀላል ነበር። ሳይነካካ የሚይዝ፣ ይዞ የማይከለክል ነገር ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ያሰበው ኩሽኔታ ነው፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ በመሃላቸው ሦስተኛ ነገር ከገባማ ሌላ ውሸት ነው ብላ። ልክ ነች። ተቀመጠ። ተነሣ። መደርደሪያው ላይ እያወራ ያለውን ራዲዮኑን አየው፤ ራዲዮኑ ማውራቱን ቀጠለ። ሄዶ መሰኪያውን ነቀለና ጀርባውን በጠመንጃ መፍቻ መፍታት ጀመረ።

«ሚሊሜትር፣ የስድስት ሰዓቱ ትረካዬስ?» አለች ሴትዮዋ።

ትረካው ዛሬ ከላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው አላት። ከስፒከሩ ማግኔቱን አወጣ። ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በክብ ቆርጦ ከቀለበቱ ሥር አሰረ፤ ማግኔቱን ከፕላስቲኩ በታች ልክ መሃሉ ላይ ለጠፈ፤ ለሦስቱ ኳሶች ደግሞ ከመሃላቸው ወደ ታች የምትወርድ፣ ጫፏ የሾለ አጭር የብረት እግር ሠራላቸው። የመጀመሪያዋ እግር ረዘመች፣ ኳሶቹ ተንገዳገዱ። ሁለተኛዋ አጠረች፣ ፕላስቲኩን ጫሩት። ሦስተኛዋን በቶርኖው ላይ ፀጉር በፀጉር እያነሰ አወጣት። ልጁ ልክ ስትይዝለት፣ እሱ ሲቆርጥ፣ ከልክ ሌላ የተነጋገሩት ነገር አልነበረም፤ «አምጪ»፣ «ያዝ»፣ «ትንሽ»፣ «በቃ»። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሦስቱን ኳሶች ቀለበቱ ውስጥ አስቀመጣቸው። ማግኔቱ ሳብ አደረጋቸውና በአንድ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከአሥሩ አንዱንም አይነኩም፣ መሃላቸውንም አይለቁም። በጣቱ ጫፍ ትንሽ ገፋቸው። ዞሩ። ዞሩ። ራዲዮኗን ልትጠይቅ የመጣችው ሴትዮ ጥያቄዋን ረስታ አጎነበሰች፣ ሦስቱም ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። ልጅቱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ እሱም በሆዱ እየቆጠረ ነበር። ሲቆም ሁለቱም አርባ አንድ አሉ።

«አንተ ያዘው» አለችው። «አብረኸኝ ውጣ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይበራ አንድ አምፖልና ሃያ የሚሆኑ ወንበሮች አሉት። ሞዴሉን ከፊት አስቀምጦ ከኋለኛው ወንበር ላይ፣ ግራሶ በነካው ቱታው፣ እንዳይነካካ እጁን ጭኖቹ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ዋናው ገምጋሚ ሳል ሲስሉ አብረው የሚስሉ ዓይነት። ዋናው ገምጋሚ ጨዋ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ሰው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም ይባላል፤ ሰው የሚፈራቸውም ለዚሁ ነው። ልጅቱ አርባ ደቂቃ ስትናገር አባትየው አንድም ቀን በቤታቸው ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ከአፏ ወጣ። ፕሮፌሰሩ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ተነሥተው ወደ ሞዴሉ ሄዱ፣ መሃሉን በእስክሪብቶአቸው ነካ አደረጉት፣ ሲዞር እስኪቆም ጠበቁ። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቁ። ወርክሾፕ አለቻቸው። የወርክሾፑ ሰው እንግዲህ የመሃሉን ዘንጎች ረስቷቸዋል አሉ፤ ሞዴል ላልቶ ስለዞረ ተፈጥሮም ይዞራል ማለት አይደለም። ሁለቱ ገምጋሚዎች ፈገግ አሉ። ልጅቱ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከኋላ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«አልረሳሁም፣ ፕሮፌሰር» አለ ቆሞ። «ሃያ ስድስቱንም በይጄያቸው ነበር። እኔም እንደርስዎ ሥዕሉን አምኜ። አሥራ ሦስቱን ዛሬ ጠዋት ቆረጥኳቸው።»

«ለምን?»

«ዕቃ የለማ። ያለው አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ነው። እርስዎ ራስዎ ያዳርሱት።»

እሱ መቀመጥ እንዳለበት ወይም መውጣት እንዳለበት ስላላወቀ እንደቆመ ቀረ፤ ለልጁ ነገር ያበላሸባት መሰለው። ፕሮፌሰሩ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፣ ረቂቁን ሥዕሉ ካለበት ገጽ ላይ ከፈቱ፣ በዚያው በቀዩ እስክሪብቶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ ማድረግ ጀመሩ። አሥሩን ዳር ላይ ሰጡ። ወደ መሃል ገቡ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሰባት ዘንግ ተርፏል። የማያውቁት ነገር ሆኖ አልነበረም፣ ይህን ቆጠራ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ሥዕሉ ነው ያሸነፋቸው። ለረጅም ጊዜ ገጹን አዩት። ሁለቱ ገምጋሚዎች መቼ መሳል እንዳለባቸው ግራ ገባቸው። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው ንግግሯ መሃል ያሳየቻቸውን፣ ዘለላው ሲዞር የሚታይበትን ፊልም እንደገና እንድታሳያቸው ጠየቋት፤ ቀስ አድርጊው አሉ።

ቀስ አደረገችው። ግድግዳው ላይ አሥሩ በክብ፣ ሦስቱ በመሃል ታዩ። ሦስቱ ጎናቸውን ሰጥተው መዞር ሲጀምሩ እሱ በሞዴሉ ላይ ያላደረገው፣ ሊያደርገውም የማይችለው ነገር አየ፤ የውጪው ቀለበት ዝም ብሎ አልቆመም። የመሃሉ ጥግ ሲቀርብ ገለል ይልለታል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀጣዩ ገለል ይላል፤ ዙሪያውን በሙሉ እንደ ትንፋሽ የሚሄድ ነገር አለ። ገፊ የለም፣ ተገፊም የለም። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

«ምዕራፉ ይቆያል» አሉ በመጨረሻ። «ግን በዚህ ቆጠራ ይጀምር። እኔ የተሳሳትኩትን ሌላ ሰው እንዳይሳሳተው።» ቀጥለውም የወርክሾፑን ሰው ከየት እንዳገኘችው ጠየቋት፣ አሁንም ቆሞ ነበርና።

«አባቴ ነው» አለች።

ፕሮፌሰሩ ረቂቁን ዘግተው ሽፋኑ ላይ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን አነበቡ፣ ከዚያ አቶ ብለው በስሙ ጠሩትና እንዲቀመጥ ለመኑት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ለእናትየዋ ደውላላት ነበር፤ እናትየዋ ወሬውን ለአባቷ እንድትነግረው አደራ አለቻት፣ አንድ ላይ እንዳሉ ማን ያስባል። እሱ ሲያመላልሰው የቆየ ነገር ነበረው። ከአፉ ይወጣል ብላ የጠበቀችው ስለ ቀለም ፋብሪካው ነበር፤ እሱ ግን፣

«ሲዞር በዓይንሽ አይተሽዋል?» አላት።

አላየሁም አለችው። ማንም አላየውም። ጠጣር ቦሮን ላይ ጨረር ተኩሰው፣ አየሩ ተመጥጦ ባዶ በሆነ ዕቃ ውስጥ ነው የሚያገኙት፤ ለቅጽበት ይኖርና ይጠፋል፣ በዚያች ቅጽበት ክብደቱን ይመዝኑታል። መዞሩን ያገኘችው በስሌት ነው። አንተ «አንድ» ብለህ እስክትጨርስ ሺህ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል።

«ሳታይው?»

«ሳላየው።»

ዞር ብሎ አያት። ዓመት ተኩል በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ እንዲህ አላያትም፤ ምናልባትም ከዚያ በፊትም። ይቅርታ ማለት አልለመደበትም። በሱ ፋንታ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አላት።

«ከመጀመሪያው ከሆነ ከንጥረ ነገሮች ሰልፍ ቦሮን አምስተኛው ነው» አለች። «ከአንድ መጀመር ሊኖርብን ነው።»

ከአንድ ጀምሪ አላት። ቦርሳዋን ከመሃላቸው አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና፣ የገምጋሚዎቹን ወረቀት ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ አንዲት ነጥብ አስቀመጠች። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው፣ ዘግቶ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ገና አራተኛው ንጥረ ነገር ላይ ነበሩ።